ምድጃው ሜዳ ሲወጣ

ቤቱ ውስጥ ጨው የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ወንድ፣ ከከተማ ወጥቶ ሣር ላይ ሲቆም ሼፍ ይሆናል። ቤት ሲሆን ሻይ እንኳ ተቀድቶ ፊቱ ካልቀረበለት የማይጠጣው ሰውዬ፣ ላንጋኖ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሲደርስ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ከሰሉን ከማዳበሪያው ይዘረግፋል፣ «እናንተ ዛሬ እረፉ፤ ምሳው የኔ ነው» ይላል። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያዩና ቁጭ ይላሉ። ያ መተያየት ምክንያት አለው፤ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሳሰላስል መጀመሪያ የመጣልኝ ተመልካቹ ነው። ኩሽና ውስጥ የሚሠራ ሰው ጀርባውን ለዓለም ሰጥቶ ነው የሚሠራው፤ ቢጥምለት ማንም አያጨበጭብለትም፣ ቢያርርበት ግን ሽታው ሳሎን ድረስ ሄዶ ያሳብቅበታል። ሜዳ ላይ ምድጃው መሐል ነው፣ ሰው ዙሪያውን። ቀጥሎ ዕቃው አለ። የቤቱ ምድጃ ተገትሮ የሚውል፣ ዓይን የማይገባ ነገር ነው። የጉዞው ምድጃ ግን ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ እግር ያወጣል፣ የራሱ ቦርሳ አለው፣ ተጠምዝዞ የሚገጠም ነገር አለው። የሚገጠም ነገር አይቶ «ቆይ እኔ ላሳይህ» ሳይል የሚያልፍ ወንድ ደግሞ ገና አልተወለደም። ከሁሉ በላይ ግን ሥጋው ነው። እስከ ዛሬ መስክ ወጥቶ «ዛሬ ምስር ወጡን የምሠራው እኔ ነኝ» ያለ ወንድ አልገጠመኝም። ሽንኩርት በዝግታ ማቁላላት፣ በርበሬውን ውሃ ጠብ እያደረጉ ማብሰል ጭብጨባ የለውም። ጥብስ ግን ይንጫጫል፣ ይጨሳል፣ ወዲያው ይደርሳል።

እሳት ማያያዙ ራሱን የቻለ ጉባኤ ነው። አንዱ ጭራሮ ሲደረድር ሌላው «አየር እኮ አሳጣኸው» ይላል። ነጭ ጋዝ ካላርከፈከፍኩ የሚል ይነሳል፤ «ሥጋው ጋዝ ጋዝ ሊል ነው!» ብሎ የሚቆጣም አይጠፋም። እነዚህ ሲከራከሩ አንድ ዝምተኛ ሰው ከኪሱ ፌስታል አውጥቶ ለኩሶ ከሥሩ ይሰደዋል። ጥቁሩ ጭስ ሲወጣ «ማነው ፌስታል የጨመረው?» ይባላል፤ ሁሉም ይጠይቃል፣ ማንም አላደረገውም። ማራገቢያ ሁልጊዜ ቤት ነው የሚረሳው፤ የውሃ ካርቶን ይቀደዳል። አራጋቢው ሁለቴ ሳያወዛውዝ «አምጣው እስቲ» የሚል ይመጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከሰሉ ሲቀጣጠል ሥጋው ነበልባሉ ላይ ይጣላል። ይህ ነው የሁሉም ነገር መበላሻ። ከሰል ለጥብስ የሚደርሰው ነበልባሉ ወድቆ፣ ፍሙ ስስ ነጭ አመድ ሲለብስ ነው። ያን ጊዜ ሙቀቱ እኩል ይሆናል፣ ጭሱም ይጠራል። ግን የተራበ ሰው አመድ አይጠብቅም፤ ጥብሱም ከላይ ከስሎ ከውስጥ ደሙ ሳይነቃነቅ ይወጣል።

ሴቶቹ የሚተያዩት አገልግሉን ስለሚያውቁ ነው። ከመኪናው ኋላ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ በቆዳ የተለበጠ አገልግል ቁጭ ብሏል። ውስጡ ሌሊት ተነስተው የሠሩት ዶሮ ወጥ አለ፣ እንጀራው አለ፣ እንቁላሉ በሰው ልክ ተቆጥሮ ገብቷል። ማንም ግን ቶሎ አያወጣውም። የወንዶቹ ጥብስ እስኪከሽፍ መጠበቅ የጨዋ ደንብ ነው። ሁሉም አንድ ጉርሻ አኝኮ አኝኮ ዝም ሲል፣ አንዷ ራቅ ብላ እያየች «እንደው ለነገሩ ትንሽ ነገር ይዘን ነበር» ትላለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጥብሱ የሚያነሳ የለም፤ ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ብቻ ወንዶቹ «ዛሬ ጥብሱ እኮ!» ይባባላሉ።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው፣ ያጎቴ ልጅ ከሜሪላንድ የጉዞ ኩሽና ይዞ መጣ ሲሉኝ ለማየት ቸኮልኩ። እውነትም ይዞ መጥቷል። እንደ ሳምሶናይት ቦርሳ ተከፍቶ የሚዘረጋ ባለ ሁለት ማንደጃ የጋዝ ምድጃ አለው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ኦቨኑ ነው፤ ስስ ቆርቆሮ ሆኖ ጠፍጣፋ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ሲዘረጋ አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆናል፣ በር አለው፣ መደርደሪያ አለው፣ በሩ ላይ የሙቀት መለኪያ አለው። ምድጃው ላይ ይቀመጥና ዳቦም ኬክም ይጋግራል ነው የሚባለው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጋዝ። የጋዝ ቆርቆሮ በእጅም በሻንጣም አውሮፕላን ላይ መጫን ክልክል ነው። የእኛው ሲሊንደር ደግሞ አፉ ከሱ ምድጃ ጥርስ ጋር አይገጥምም። መርካቶ ይዘነው ሄድን፤ አንድ ባለሙያ አገላብጦ አየውና «ይሄማ ቀላል ነው፣ እበይድላችኋለሁ» አለ። አክስቴ ይህን ስትሰማ «ጋዝና ብየዳ አንድ ላይ ከተነሱ እኔ ከዚች ቤት አልንቀሳቀስም» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው። ኦቨኑ ከሰል ምድጃ ላይ እንዲቀመጥ ተወሰነ።

ምድጃ ይዞ ነዳጅ ማጣት የሱ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ ከሱ የከበዱ ሰዎችም ደርሶባቸዋል። ስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1892 ፕሪመስን ሠራ። ነጭ ጋዙን በፓምፕ ገፍቶ፣ በሙቀት አትንኖ የሚያነድ፣ ጥላሸት የማያወጣ ምድጃ ነው። አሙንድሰን እ.ኤ.አ. በ1911 ደቡብ ዋልታን የረገጠው ፕሪመስ ይዞ ነው፤ ሂላሪና ቴንዚንግ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ሲወጡም ፕሪመስ አብሯቸው ነበር። ከአሙንድሰን ጋር የተሽቀዳደመው እንግሊዛዊው ስኮትም የነጭ ጋዝ ምድጃ አላጣም። ሲመለስ ግን መንገድ ላይ ያስቀመጣቸው ቆርቆሮዎች ጎድለው አገኛቸው፤ የክዳናቸው ቆዳ ብርዱ አበላሽቶት ነዳጁ ቀስ በቀስ ሾልኮና ተንኖ ነበር። አሙንድሰን የራሱን ቆርቆሮዎች አስቀድሞ በብየዳ አሽጓቸው ነበር። መርካቶ ያለው ባለሙያ ይህን ቢያውቅ ኖሮ አክስቴን የሚረታበት ነገር ያገኝ ነበር።

የመስቀል ሰሞን ወንጪ ወረድን። ወንጪ ከአምቦና ከወሊሶ መሐል፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ከፍታው ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። አደይ አበባው ወጥቷል፣ ሣሩ እርጥብ ነው፣ ንፋሱ ደግሞ ከሐይቁ እየተነሳ እግር እግር ይላል። ያጎቴ ልጅ ኦቨኑን ዘረጋ። አክስቴ በርጩማዋ ላይ ሆና ዙሪያውን በዓይኗ ዞረችው።

«ይኸ ምንድን ነው ልጄ?»

«ኦቨን ነው እትዬ። ኬክም ዳቦም ይጋግራል።»

«ደግ። ከላይስ እሳቱ የት ነው?»

መልስ አልነበረውም። ኦቨኑን የሠሩት ሰዎችም መልስ ያላቸው አይመስለኝም። እሳቱ ከታች ነው፤ ከላይ ያለው ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ከቆርቆሮው በላይ ደግሞ የወንጪ ንፋስ ነው። የቤት ኦቨን ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ይዞ ከየአቅጣጫው ይመልሳል፤ ይኸኛው የሚይዝበት ነገር የለውም። አክስቴ ይህን ከፊዚክስ መጽሐፍ አላወቀችውም። ድፎ ስትደፋ ነው ያደገችው። በችግር የተወጠረ ሰው «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደብኝ» ሲል ስለ ራሱ ያወራ ይመስለዋል እንጂ የዳቦ አጋገር መመሪያ ነው የሚሰጠው።

እሷ የራሷን ሥራ ጀመረች። ሊጡ በባለ ክዳን ባልዲ ውስጥ መንገዱን ሁሉ ሲቦካ መጥቶ ክዳኑን ገፍቶት ነበር። ወንጪ የእንሰት አገር በመሆኑ ኮባ ፍለጋ ሩቅ አልተሄደም፤ እዚያው አጠገብ ካሉ ባለ ጓሮ ተገዛ። ቅጠሉን በፍሙ ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጋ ለብለብ አደረገችው፤ ካልተለበለበ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ሊጡም ይፈስሳል። ሲለበለብ መልኩ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ አገር የሚያውደው ያ ሽታው ይወጣል። ወፍራሙን የመሐል ጅማት በቢላ ላጠችው። ጎድጓዳውን ምጣድ በቅጠሉ ደራርባ፣ ጫፉን ወደ ውጭ አንጠልጥላ፣ ጥቁር አዝሙድ የገባበትን ሊጥ ገለበጠችበት፤ እጇን ውሃ እየነከረች ደልድላ የተንጠለጠለውን ቅጠል መልሳ አለበሰችው። ከዚያ የብረት ክዳን፣ ከክዳኑ ላይ ፍም። ከታች ግን ጥቂት ብቻ ተወች። «ከታች የበዛ እሳት ቂጡን ያሳርረዋል፤ ከላይ ነው ማብዛት» አለች። ክዳኑ ላይም ፍሙን መሐል ላይ አልከመረችውም፤ ወደ ዳር ዳር ሰብሰብ አደረገችው።

ያጎቴ ልጅ ይህን ሲያይ ፊቱ በራ። ለካ በአሜሪካም ይህንኑ ያውቁታል። እነሱ ደች ኦቨን የሚሉት ወፍራም የብረት ድስት አላቸው፤ እግር አለው፣ ክዳኑ ፍም እንዳይንከባለል ጠርዝ አለው። ደንብም አውጥተውለታል፦ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ላለው ድስት 24 የሚሆን ፍም፣ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ከላይ፣ የቀረው ከታች፤ ሙቀቱ ወደ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ይመጣል። ደንቡ ግን የተጻፈው በፋብሪካ ተጨፍልቆ አንድ ልክ ለሆነ ከሰል ነው። የኛ ከሰል አንዱ ቡጢ ያክላል፣ አንዱ ጣት፣ ግማሹ ዱቄት። ያጎቴ ልጅ አንዱን ትልቅ ፍም በመቆንጠጫ አንስቶ «ይሄ እንደ አንድ ነው እንደ ሦስት?» እያለ ሲቆጥር አክስቴ አየችውና «ከሰል የሚቆጠረው ሻጭ ሲያጭበረብር ነው» አለች።

የሱ ኬክ በበኩሉ ኦቨኑ ውስጥ ነበር። የበሩ መለኪያ በፋረንሃይት ነው የሚናገረው። «350 ደረሰ!» ብሎ ሲጮህ አክስቴ ደነገጠች። «ሦስት መቶ ሃምሳ? ዳቦ ነው የምንጋግረው ብረት ነው የምናቀልጠው?» ንፋሱ ሲመጣ መርፌው ይወርዳል፤ ሲወርድ እሱ ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ በሩን ከፍቶ ያያል፤ ሲከፍት የቀረው ሙቀት እልም ይላል። አክስቴ ድፎዋን አንድም ጊዜ አልከፈተችም። ጎንበስ ብላ ታሸታለች፣ ትመለሳለች፣ ወሬዋን ትቀጥላለች። የሊጥ ሽታው ጠፍቶ የቅርፊት ሽታ ሲመጣ ፍሙን ከላዩ ጠረገች። ቅጠሉ ሲገለጥ ጅማቱ በዳቦው ፊት ላይ መስመር በመስመር ታትሞ ነበር። ደግሞ እውነቱ ይነገር፣ ከንፋሱ በኩል ያለው ጎኑ ገርጥቶ ቀርቷል፤ አክስቴ ያንን ጎን ቀድማ ቆርጣ ለልጆቹ ሰጠችው፣ ነገሩም በዚያው ተዳፈነ። የሱ ኬክ ሥሩ ጠቁሮ፣ መሐሉ ሊጥ ሆኖ ሰምጦ፣ አናቱ ነጭ እንደሆነ ወጣ።

ሰውዬው ግን ቶሎ እጅ የሚሰጥ አይደለም። በማግስቱ ኦቨኑን በሦስት ጎን በድንጋይ ከለለው፣ መደርደሪያው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባ፣ ከጣሪያው ላይ የቆርቆሮ ትሪ አስቀምጦ ፍም ደፋበት፣ በሩን ላለመክፈት ማለ። ኬኩ ሁሉም ጎኑ ቀልቶ ወጣ። አክስቴ በላችለት። «ጣፋጭ ነው» አለች፤ «ዳቦ ግን አይደለም።»

መሐሉ በሰመጠው በመጀመሪያው ቀን ኬክ ላይ ሌላም ተጠያቂ አለ፤ ከፍታው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት ወደ አንድ ዲግሪ ይወርዳል ቢባል ከእውነት አይርቅም። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ሲደርስ ይፈላል። አዲስ አበቤ በገዛ ኩሽናው፣ ክፍት ድስት ውስጥ፣ 100 ዲግሪ የገባ ውሃ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ሳይዘፈዘፍ አልበስል የሚለው፣ እናቶቻችን ፕሬዠር ድስት ሲመጣ እልል ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ኬኩም እንዲሁ ነው። ግፊቱ ሲያንስ ቤኪንግ ፓውደሩ ሊጡን በፍጥነት ይነፋዋል፤ የኬኩ ግድግዳ ሳይጠና ከፍ ይልና ይወድቃል። ቆላ ላይ የተጻፈ የኬክ አሠራር ደጋ ላይ ሲሠራ ዱቄቱን ጨመር፣ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ ማድረግ ይፈልጋል። ያጎቴ ልጅ አሠራር የተጻፈው ለሜሪላንድ ነው።

የሜዳ ምግብ እውነተኛ ፈተና ማየት የሚፈልግ ስሜን ተራሮች ፓርክ ይሂድ። ደባርቅ ላይ የሚቀጠሩት ወጥ ሠሪዎች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ እነዚህ ግን «ዛሬ የኔ ነው» የሚሉት ዓይነት አይደሉም። ሥራቸው ነው። በቅሎው ድስቱን፣ ምድጃውን፣ እንቁላሉን ጭኖ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ ይጓዛል፤ ጨነቅ ላይ ከፍታው ከ3600 ሜትር አያንስም፣ ውሃውም 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። «ፈላ እኮ!» የሚል መንገደኛ ፓስታውን ቶሎ እንዲያወጡለት ይጎተጉታል፤ ወጥ ሠሪው «መፍላቱን ፈልቷል፣ መብሰሉ ይቆያል» ይለዋል። ሰውን የሚይዘው በፈንዲሻና በሻይ ነው። መንገደኛው ደክሞ ሲደርስ ፈንዲሻው ቀድሞ ይቀርባል፣ እስከ እራት ያለው ሰዓትም ይገፋል። ክዳን የሌለው ድስት እዚያ አይቀመጥም፤ ያ ወፍራም መንቁር ያለው ትልቅ ቁራ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ዓይኑን አይነቅልም፣ ዞር ያሉ እንደሆነ የማይወስደው ነገር የለም።

ማለዳ ደግሞ የጋዝ ቆርቆሮ የያዘው መንገደኛ ያለቅሳል። ማታ ደህና የነደደው ምድጃ ጧት ሰማያዊ ጭላንጭል ብቻ ያሳየዋል። ቆርቆሮውን ሲነቀንቀው ውስጡ ፈሳሽ አለ፤ ይንቦጫቦጫል። ቡቴን የሚባለው ጋዝ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲወርድ ወደ ጋዝነት መለወጡ ይዳከማል፣ አብዛኛው ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ከሆነ ይሻላል፤ ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይበገርም። የሚያውቁት ሰዎች ማታ ቆርቆሮውን የመኝታ ከረጢት ውስጥ ይዘውት ያድራሉ። ወጥ ሠሪው የነጭ ጋዝ ምድጃውን ሁለት ሦስቴ ገፋ ገፋ አድርጎ ሻዩን ጥዶ ጨርሷል።

ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በጋቢው ተጠቅልሎ የተቀመጠው የፓርኩ ስካውት ግን ማንንም አይጠብቅም። ከኪሱ ትንሽ ከረጢት ያወጣል፣ ኩባያው ውስጥ በሶ ያደርጋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ያደርግበታል፣ በጣቱ ለውሶ ይጎርሳል፣ ይነሳል። ምድጃ የለ፣ ጋዝ የለ፣ ጉባኤ የለ።

ስንቅ የሚባለው ነገር ብልሃቱ ይህ ነው። በሶው፣ ጭኮው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው ሁሉ እሳቱን ቤት ውስጥ ጨርሶ ነው የሚወጣው፤ መንገደኛው ምድጃ መሸከም አይጠበቅበትም። መንገድ ላይ ትኩስ ነገር ያማረው ወታደርና እረኛ ደግሞ ብርኩታ ነበረው። ድንጋይ እሳት ውስጥ ይገባል፤ ሲግል ይወጣና ሊጥ ይለበጥበታል፤ ከዚያ ድቡልቡሉ መልሶ ፍም ዳር ይቀመጣል። ድንጋዩ ከውስጥ፣ ፍሙ ከውጭ ያበስሉታል። ከውስጥ የሚነድ ኦቨን እስካሁን በየትኛውም ሱቅ ሲሸጥ አላየሁም። ሲያልቅ ድንጋዩን ጥሎ መሄድ ነው፤ በሚቀጥለው ሰፈር ሌላ ድንጋይ አይጠፋም።

ይህን እያነሳሁ ግን ወንዶቹን ብቻ ማመስገን ልክ አይሆንም። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት የበላው ብርኩታ ብቻ አይደለም። ከሠራዊቱ ጋር እጅግ ብዙ ሴቶች ተጉዘዋል፤ እህል ፈጭተዋል፣ ውሃ ቀድተዋል፣ እንጀራ ጋግረዋል፣ ዕቃውን ተሸክመዋል። ለአንድ ቀን ሽርሽር ማራገቢያ ረስቶ የሚሄድ ትውልድ፣ ወጥ ቤቱን ነቅሎ ትግራይ ድረስ ያደረሰውን ትውልድ ሲያስብ ትንሽ ሊያፍር ይገባዋል። እንግሊዞችን ከዚያ ቀደም ብሎ በክሪሚያ ጦርነት ላይ ይኸው ጉዳይ አንገላቷቸዋል። ወታደሩ ሥጋውን በየግሉ እየቀቀለ፣ ማገዶ እየፈጀ፣ ግማሹን ጥሬ እየበላ ሲታመም፣ አሌክሲስ ሶየር የሚባል በለንደን ስመ ጥር የነበረ ፈረንሳዊ ወጥ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1855 ወደ ጦር ሜዳው ሄደ። የሠራው የመስክ ምድጃ በጥቂት ማገዶ የብዙ ሰው ምግብ ያበስላል፣ እሳቱም የተሸፈነ ስለሆነ ማታ ለጠላት አይታይም። የእንግሊዝ ጦር ከመቶ ዓመት በላይ ተጠቀመበት።

ውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችን በተራቸው ምድጃውን ወደ ሜዳ ያወጡት ሽርሽር አምሯቸው ብቻ አይደለም፤ ቡናው ነው ያስወጣቸው። አፓርታማ ውስጥ ቡና ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፤ ብዙ ሕንፃዎች ደግሞ በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድ አይፈቅዱም። ስለዚህ በትንሽ ቆርቆሮ ጋዝ የምትሠራዋን ባለ አንድ ማንደጃ ምድጃ ይዘው ወደ ግቢ ወይም ወደ መናፈሻ ይወጣሉ። መንገደኛው ፈረንጅ ሽታው አስቁሞት «ምንድን ነው?» ይላል፤ ሳይቀምስ አይለቁትም። እስራኤል ያሉት ደግሞ የነጻነት ቀን ሲደርስ ከአገሬው ጋር አብረው መናፈሻውን በጥብስ ጭስ ያጥኑታል። እዚያም ካርቶን ይዞ ፍሙ ላይ የሚያራግበው ወንዱ ነው፤ እዚያም አጠገቡ ቆሞ «አምጣው እስቲ» የሚል አለ። ይህ ነገር የኛ ብቻ ነው ብዬ እቆጭ ነበር፤ አይደለም።

እንግዲህ የምትወጡ ከሆነ፣ ኦቨን ያላችሁ ኦቨናችሁን፣ ምጣድ ያላችሁ ምጣዳችሁን ያዙ። አገልግሉን ግን አትርሱ፤ በሶም ያዙ። ንፋሱን የሚከልል ድንጋይ እዚያው ታገኛላችሁ። ስትጨርሱ ፍሙ ላይ ውሃ አፍሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አፍሱበት፣ የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀት አለመኖሩን አረጋግጡ። አመድ የለበሰ ፍም ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ ያድራል፤ በ2011 ዓ.ም. ስሜን ላይ የተነሳውን ቃጠሎ ለማጥፋት ከውጭ አገር ሰው እስከ መጥራት መደረሱን የምናስታውስ ሰዎች ነን። ደግሞ አንድ ነገር ቀልድ አይደለም። ከሰል ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም፤ መልክ የለው፣ ሽታ የለው፣ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ድንኳን ደግሞ ከተዘጋ ክፍል አይሻልም። ሌሊት ብርዱ ቢበረታባችሁ ጋቢ ደርቡ፤ ምድጃው ውጭ ይደር።